ፊርማው ልክ ነው

ከባሕር ወለል በታች፣ ፍሪስላንድ ዳር ላይ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ከሰማይ፣
መሬቱ የሰው ነው፣ ከባሕር የተቀማ፤
ውሃው ርስቱን አይረሳም፣ ይመጣል በጨለማ።

ቪትስከ ፓምፕ ቤት ውስጥ፣ ካልሲዋ እርጥብ ሆኖ፣
የቀዘቀዘ ሻይ ከጎኗ ተከድኖ፣
የፓምፖቹን ፕሮግራም የሚያድስ ፋይል አውርዳ
ታየዋለች፤ ልክ እንደ እንግዳ
በር ላይ የቆመ፣ ሻንጣውን ይዞ፣
ኮቱ ረጥቦ፣ ዓይኑ ፈዞ።

ከቢሮ መልእክት መጣ፦ «ማዕበሉ ሳይደርስ
ጫኚው፤ አሮጌው መሃል ላይ እንዳይፈርስ።»
ኮምፒውተሩም አለ፦ «ፊርማው ልክ ነው።
የፈረመው ድርጅት የምታውቂው ነው።»
የቫይረስ ፈታሹም አላት «ምንም የለም»፤
እሱ የሚያውቀው የትናንቱን ሌባ ነው፣ የነገውን አይደለም።
አረንጓዴ ምልክት፣ ትንሽዬ፣ ቅን፤
ከሥሩ «ጫን» የሚል፣ የሚጠብቅ ጣቷን።

ጫን ይላል። ግን ጭነቱ በማን ጀርባ?
በዘጠኝ መንደር ነው፣ ውሃው ከገባ።

ዳውቨ ጡረታ ሲወጣ፣ የበሩን ቁልፍ ሰጥቷት፣
አንድ ነገር ብቻ ነበረ የነገራት፦
«ግድብ ሲያፈስም ከላይ ሣሩ ያው ለምለም ነው፤
ጫማሽን አውልቂ፤ እግርሽ ነው የሚያውቀው።»
ፋይል ግን ሣር አይደል፤ በምን ትርገጠው?
አሻራውን አሰላች፤ የቀራት እሱ ነው።
ስድሳ አራት ፊደልና ቁጥር ጽፋ አወጣች፣
ሰዓቱን ሳታይ ለሂልከ ስልክ መታች።

ሂልከ ነው ያነሣው፣ የድርጅቱ ፈራሚ፣
ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል፣ አዝጋሚ።
«ሰባት፣ ኤፍ፣ ሦስት፣ ሁለቴ ዜሮ፣ ቢ…»
እሱም ከዚያ ማዶ፦ «ቀጥይ… ደግመሽ አንብቢ…»
ስድሳ አራቱም ሞሉ። አንዲት አልጎደለ።
«ልክ ነው» አለችው። «ልክ ነው» እሱም አለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ግጥሜም ባጠረ፣
የእሷም እግር ደርቆ እንቅልፏ ባማረ።
ግን ዓይኗ ወረደ፣ ከፊርማው ሥር ሄደ፤
እሑድ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ልቧ ራደ።

«ሂልከ፣ እሑድ ሌሊት ምን ትሠራ ነበር?»
ዝም። ከወዲያ ማዶ ሲጥጥ አለ አንድ በር።
«ተኝቼ» አለ ቀስ ብሎ። «እሑድማ ተኝቼ።
የልጄን ሠርግ ውዬ፣ ጠጥቼ፣ ሰክሬ ገብቼ።»
«ታዲያ ማን ፈረመ?»
                «እንጃ። የኔ ቁልፍ ነው።
ምናልባት ማሽኑ፤ አንዳንዴ ራሱ ነው
የሚፈርም፤ እንዲያ አዘነው ነበር ድሮ።
ወይ ደግሞ…»
            አልጨረሰም። ቀረ በጉሮሮ።

ማኅተም ቀለበቱን ያውቃል፤ ጣቱን አያውቅም፤
ደብዳቤው ደግ ይሁን ክፉ አይጠይቅም።
ከማን ቤት ወጣ እንጂ ለምን ወጣ አይልም፤
መንገድ ላይ አልተነካም ይላል፤ ከመንገዱ በፊት ስለሆነው አይምልም።
እዚያ አገር ፈረሱ ጥቁር ነው፣ ጋማው እንደ ሐር፤
ያመኑት ለት ግን ያው ነው፤ በደንደስ፣ ወደ አፈር።

ፋይሉን አልጫነችም። አላጠፋችውም።
ጥፋተኛም ንጹሕም አላለችውም።
ካፖርቷን ደርባ ደረጃውን ተሻገረች፣
የዛገ መዘውር በእጇ ማዞር ጀመረች፤
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ብረቱ እያለቀሰ፣
ውሃው አንድ ጣት ዝቅ፣ ደግሞ ተመለሰ፤
ትከሻዋ ዛለ፣ ቆጠረች፣ ቁጥሩ ጠፋት፣
ከዜሮ ጀመረች፤ መዘውሩ አላረፋት።

ሲነጋ ደወለ፦ «እስካሁን አላወቅንም።»
«እሺ» አለች መዳፏን እያየች፣ «እኛም አልሰጠምንም።»

ላይ ቤት፣ ማያው ላይ፣ ምልክቱ ዛሬም ያበራል፤
አረንጓዴ፣ ትንሽዬ፤
የሚያውቃትን ያህል እውነት ይናገራል።